«ፉል ናት» የተባለችው መኪና

የሚስቴን ወንድም አልወደውም። ሐሜት አይደለም፤ እሱም ያውቃል፣ ሚስቴም ታውቃለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን እየተገላመጥን በልተናል። ሥራው ያገለገሉ መኪናዎችን ከጨረታ እያነሳ ለአበሻ መሸጥ ነው። ስለ መኪና ሲያወራ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አፉ ቅቤ ሆዱ ጩቤ የተባለው ለእሱ ነው ብዬ አምን ነበር።

ልጄ ዳላስ አጠገብ አርሊንግተን የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ሚኒሶታ ሥራ ማግኘቷን የሰማሁት ከእናቷ ነው። ራሷ አልነገረችኝም። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለው» አልኩና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ። ዳላስ ሆስፒታል ጠፍቶ ነው? እዚህ ታማሚ የለም? ሚስቴ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ሹፌር ነኝ። ግሬፕቫይን ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት በሻትል ሚኒባስ እንግዳ አመላልሳለሁ። አንድ ጥር ላይ መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ድልድይ ላይ ሻትሉ ተንሸራተተብኝ። ፍሬን ያዝኩ፣ አልሰማኝም። መሪውን አዞርኩ፣ እሱም አልሰማኝም። ሰባት ሰው ከኋላዬ እየጮኸ፣ የድልድዩን ግንብ በጎናችን እየፈተግን ሄደን ሄደን ቆምን። ማንም አልተጎዳም። ይሄ እንግዲህ ዳላስ ነው፣ በረዶ ለሁለት ቀን እንግድነት የሚመጣበት አገር። ሚኒሶታ በረዶው ባለቤት ነው፣ እንግዳው ሰው ነው። ልጄ እዚያ ድልድይ ላይ መሪ ይዛ ስትንሸራተት እያየኋት ከእንቅልፌ እባንን ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ በምትኩ ተቆጣሁ።

እራት ላይ ሕግ አወጣሁ። «ፉል መኪና ካልያዝሽ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትዪም!» ለእኛ ሰው ፉል ማለት የታወቀ ነው። መኪና ሁለት ዓይነት ናት፤ ወይ ፉል ናት ወይ አይደለችም። ፉል ከሆነች መቀመጫዋ ይሞቃል፣ በጎን በኩል ሌላ መኪና ሲጠጋት ጮኻ ታስጠነቅቃለች፣ የሚጎድላት የለም። ልጄ ሳህኗን እያየች «ኦኬ» አለች።

ሐምሌ ላይ የሚስቴ ወንድም አንዲት ነጭ ሃይብሪድ ነድቶ መጣና ሮውሌት፣ ዳላስ ዳር ያለው ቤታችን ደጃፍ ፓርክ አደረገ።

«ፉል ናት?» አልኩት።

ልጄን ዞር ብሎ አያትና «ፉል ናት» አለኝ።

የኋላ ክዳኗ ላይ የፉሏ ሞዴል ስም በሚያብረቀርቅ የፊደል ባጅ ተለጥፏል። ሞተሯን ላዳምጥ ብል ሃይብሪድ ናትና፣ ቆማ በባትሪ ስለምትሠራ ድምፅ የላትም። ጎማዋን ረገጥኩ፣ ዘይቷን አየሁ፣ ከሥሯ ተጋድሜ ዝገት ፈለግኩ። የመቀመጫውን ማሞቂያ አልሞከርኩም። ዳላስ ውስጥ በሐምሌ መቀመጫ የሚያሞቅ ሰው ካለ ጠበል ይወሰድ። እንከን ባለማግኘቴ ተናድጄ «ይሁን» አልኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው ልገዛላት ተነሳሁ። ከነቸርኬው ከሆነ ብርዱ ሲመጣ አራቱን ፈትቶ አራቱን ማሰር ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ስልኩ ላይ ፈልጎ ፉሏ የምታስረው አስራ ሰባት ቁጥር ቸርኬ እንደሆነ ነገረኝ። ልጄን ከነመኪናዋ ይዤ አርሊንግተን አንድ የወሎ ልጅ የከፈተው የጎማ ቤት ሄድኩ። አስፋልቱ ገና ያቃጥላል።

ጎሚስታው ሳቀ። «የበረዶ ጎማ? ወላሂ ጋሼ፣ እዚህ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሶ፣ ትሪሟ ምንድን ነው?»

«ፉል ናት።»

«ፉል የሚባል ትሪም የለም እኮ። ማለቴ፣ ስንተኛዋ ደረጃ ናት?»

«ከኋላዋ ተጽፎልሃል፤ ማንበብ አትችልም?»

አነበበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቸርኬዋን አየ፤ የቸርኬዋን የፕላስቲክ ሽፋን በጣቱ አንኳኳ። የሹፌሩን በር ከፈተና በሩ ሲዘጋ የሚሸፈነው ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። «ጋሼ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ አስራ አምስት ነው የታሰረላት። ፉል በምትሏት ላይ ግን አስራ ሰባት ነው የሚለው።» የሻንሲ ቁጥሯን ስልኩ ላይ ጻፈና ጠበቀ። «ቤዝ ናት። የመጨረሻዋ ታችኛዋ። ባጁን ሰው ነው የለጠፈው።»

ከማርሹ አጠገብ የማሞቂያው ቁልፍ የሚቀመጥበትን ቦታም አሳየኝ። ባዶ ፕላስቲክ ተከድኖበታል። ያንን ፕላስቲክ ሁለት ወር ሙሉ ሳየው ከርሜ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት መሪ የያዘ ሰው!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔ ከጠባ በኋላ መጣ። ስልኬን አውጥቼ ለሚስቴ ወንድም ደወልኩና ጎማ ቤት ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት። «አንተ ሌባ! የእህትህን ልጅ አታልለህ ለበረዶ ሰጠሃት! ባጅ ለጥፈህ! አሁን አንተ ሰው ተብለህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትቆማለህ?» ሌላም አልኩ፤ እዚህ የማልጽፈው።

«ጨረስክ?» አለ በመጨረሻ።

«አልጨረስኩም!» ብዬ የመጀመሪያውን ስድብ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ ነው።

«ሳይዙ አስራ አምስት ነው» አለኝ። «ጠበብ ያለውን ግዛላት፤ በረዶ ላይ እሱ ይሻላል።» ዘጋው።

«ሰማሽው? ማፈሩ ቀርቶ ይመክረኛል!» ብዬ ወደ ልጄ ዞርኩ። እያለቀሰች ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው አንቺ የሆንሽው?»

«ባጁን እኔ ነኝ ኦርደር ያደረግኩት። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። አጎቴ ኖ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ‹ፉል ናት በለው› ብዬ የለመንኩት። ፉሏ አልተገኘችም፣ ሥራዬ ደግሞ የሚጀምርበት ዴት አለው። አንተ ደግሞ አትሄጂም አልክ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» ስል ድምፄ ከመጠየቅ አልፎ ጎማ ቤቱን ሞላው።

«ይኸው፣ ትጮሃለህ» አለች። «ስኖው ላይ መንዳት ክላስ አለው፣ እማራለሁ። አንተን መቻል ግን ክላስ የለውም።»

ጎሚስታው ጎማ የሚፈልግ መስሎ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ ወጥቼ ባጁን በጥፍሬ ልነቅለው ታገልኩ። አጥብቃ ለጥፋዋለች፤ አንዱም ፊደል አልነቃነቅ አለ። የሚስቴ ወንድም ያን ሁሉ ስድብ በሰው ፊት ዋጥ አድርጎ ልጄን አላጋለጣትም። በእሱ ቦታ ብሆን ገና በሁለተኛው ስድብ ስሟን እጠራ ነበር። ይህን ሳስብ ይበልጥ ጠላሁት።

ተመልሼ ገባሁና «አስራ አምስቱን እዘዝላት፣ ጠበብ ያለውን» አልኩት ጎሚስታውን።

ወደ ሮውሌት ስንመለስ እሷ ነዳች። እኔ አጠገቧ እጆቼን ጭኔ መሃል አጣብቄ ተቀመጥኩ፤ አንድም ቃል ላልናገር ለራሴ ምዬ ነበር። መኪናዋ ፉል አይደለችምና በጎን ማን እንዳለ አትናገርም። ልጄ መስመር ልትቀይር ስትል መስታወቱን ታያለች፣ አንገቷን አዙራ ጎኗን ታያለች። ከዚያ ደግሞ፣ መሪውን ከማዞሯ በፊት፣ ቆጣ ብዬ እንደሆነ እኔን ታያለች።