ዛፍ ያልሆነው ጎመን

ሰበታ የተከራየነው ቤት ጓሮው ከቤቱ ይሰፋ ነበር። አከራያችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ እናቴ «እትዬ» የምትላቸው አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው ሴትዮ ነበሩ። የገባን ዕለት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ።

«ድንቹንም ሽንኩርቱንም እንደ ልብሽ አድርጊ። ሥር ሰዶ የሚከርም ነገር ግን እንዳትተክይብኝ። ዛሬ ዛፍ የተከለ ነገ ርስቴ ነው ይላል። ውል ውል ነው!»

«እሺ እትዬ» አለች እናቴ። እናቴን እሺ ማለት አይከብዳትም፤ የሚከብዳት መተው ነው።

አባቴ የወረዳ ግዛት ጸሐፊ ስለነበር በዝውውር ያልዞርንበት አገር የለም። እናቴ በየደረሰችበት ትተክላለች፤ የሚበላው ግን ከኛ በኋላ የሚገባው ተከራይ ነው። አንድ ቦታ ኮክ ተክላ አበባውን እንኳ ሳታይ ዕቃችን ተጫነ። ሌላ ሴት ወርቅ ትመኝ ይሆናል፤ እሷ የምትመኘው የተከለችው ነገር ሳይነቀል ሲከርም ማየት ነበር።

ሰበታ ገበያ አንዲት ሴት የጉራጌ ጎመን ቁራጭ ሰጠቻትና አጥሩ ሥር ሰካችው። የጉራጌ ጎመን የታች የታቹን ሲቀነጥሱለት ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ አይሞትም። ሌላውን መደብ በየወቅቱ ስትገለብጥ ያንን አለፈችው። ሁለተኛውን ክረምት ሲሻገር ግንዱ እንጨት ሆነ፣ ቁመቱ የአባቴን ባርኔጣ አለፈ፣ ዶሮዎቻችን ቆጥ ትተው እሱ ላይ ማደር ጀመሩ። ያሳበቁብንም እነሱ ናቸው። እትዬ አንድ ማለዳ የጠፋች ዶሯቸውን ፍለጋ ብቅ ሲሉ ከኛዎቹ አንዷን ጎመን ላይ ተሰቅላ አገኟትና በቀጥታ የሰፈሩን ሽማግሌ ይዘው መጡ። እኒህ ሽማግሌ የአገሬው ገበሬ ናቸው፤ ትንሹም ትልቁም «ኦቦ» ነው የሚላቸው።

«ይኸውልዎት ዛፍ» አሉ እትዬ።

«ጎመን ነው» አለች እናቴ።

«ጎመን ከሆነ ዶሮ ምን ሊሠራ ይሰፍርበታል?»

«እሱን ዶሮዋን ይጠይቋት።»

ኦቦ ጎመኑን ዞሩት፤ ግንዱን በዱላቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ አንድ ቅጠል ቀንጥሰው ጥሬውን አኘኩ። «ራፉ» አሉ ለራሳቸው፣ ጎመን ነው ማለታቸው ነው። ወደ እናቴ ዞሩና «ትበሉታላችሁ?» አሏት።

«ሁልጊዜ» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

«እንግዲያ ኩን ሙካ ሚቲ፣ ይኼ ዛፍ አይደለም። እስከተበላ ድረስ ጎመን ነው። መቀንጠሱ የቀረ ቀን ግን ዛፍ ሆኗልና ይነቀላል።»

ፍርዱ በኛ ላይ ወደቀ። ጾም ሲሆን ጎመን፣ ሲፈታም ጎመን። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ማዕድ ላይ «ጎመን በጤና!» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ሲሰነብት ጤናውንም ጠላው። በዘመን መለወጫ ጎረቤቱ ሁሉ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲል እናቴ «የኛዋ ትቆይ» ትላለች። እኔም አኩርፌ ከማዕድ የተነሣሁበት ቀን ብዙ ነው። ዛሬ ያቺን የጠላኋትን ምንቸት እንዴት እንደምናፍቃት ለማን ይነገራል?

እትዬ በየማለዳው በአጥሩ ቀዳዳ ይጣራሉ።

«ዛሬስ ቀነጠስሽ?»

«ቀነጠስኩ እትዬ። ይላክልዎት?»

«እኔ ዛፍ አልበላም!»

ከዚያ የአባቴ ዝውውር ወደ ሱሉልታ መጣ። ዕቃው ሲጫን እናቴን ፈልጌ ጓሮ አገኘኋት፤ ግንዱን በእጇ ይዛ ቆማለች። «ቁራጭ እንውሰድ?» ብላት «አይሆንም፤ አንድ እንኳ ከተከልኩበት ይቅርልኝ» አለች። እትዬን ስትሰናበት ልመናው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ኮራችና «ጓሮውን አደራ» ብቻ አለች። እሳቸውም «ውል ውል ነው» ብለው ጉንጯን ሳሙ።

ሱሉልታ ሣርና ውርጭ ነው። እናቴ እዚያ ምንም አልተከለችም፤ ውርጩን አሳበበች እንጂ ልቧ እንዳልተከተላት እናውቅ ነበር። ሽሮ እያማሰለች ወይም ልብስ እያሰጣች ድንገት «ይኼኔ ዛፍ ሆኗል» ትላለች። ማንም ምን ማለትሽ ነው አይላትም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ለጓደኛዬ ሰርግ ሰበታ ልሄድ ስነሣ እናቴ እግሯን ታማ ከቤት አትወጣም ነበር። በር ድረስ ግድግዳ ይዛ ሸኘችኝና «ከተመቸሽ በዚያ በኩል እለፊ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ከሌለ አትንገሪኝ።»

ሄድኩ። እትዬ ዓይናቸው ደክሞ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሳልጠይቃቸው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጎመኑ አጥሩ ላይ ዘምሞ፣ ባላ ተደግፎለት ቆሟል። የተቀነጠሰበት ገና አልደረቀም።

«እትዬ፣ ዛፍ አልበላም ይሉ አልነበር?»

«አሁንስ መቼ በላሁ? ጥርስ የታለኝና! ዶሮዎቹ ናቸው የሚበሉት። ኦቦ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማን ይብላው አላሉም።» ግንዱን ዳበስ አደረጉት። «በየማለዳው እቀነጥስለታለሁ። ከተውኩት ዛፍ ይሆንና ላስነቅለው ነው፤ ውል ውል ነው።»

ከሰርጉ ይልቅ ያ ጓሮ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው። ሱሉልታ ስደርስ እናቴ ከፊቴ በፊት ያየችው እጄ ላይ ያለውን እስር ጎመን ነው። ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ዶሮ ይሰፍርበታል?» አለችኝ።

«ይሰፍርበታል።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት። ያን ቀን በታመመ እግሯ ቆማ ምንቸቷን ራሷ ጣደች፤ እኔም አስጨምሬ በላሁ።

ዛሬ እሷም እትዬም የሉም። እኔ ሰበታን ከረገጥኩ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ መንገዱ ርቆኝ አይደለም። ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ ሲገጥመኝ የቤቱን ምልክት እነግረዋለሁ፣ በአጥሩ በኩል ወደ ጓሮው ቀና ብለህ እይ እለዋለሁ። ከሌለ አትንገረኝ።