ያልተለኮሰው ሰንደል

በፈረንጆቹ 2020 ካዚኖዎቹ በኮሮና በተዘጉ ሰሞን ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት መቀቀል፣ ባሕር ዛፍ መታጠን ጀመረ። እኔም ዳውንታውን ካለው ሆቴል ከጥበቃ ሥራዬ ተቀንሼ ቤት ዋልኩ። ለየትኛውም በሽታ እንደማይጠቅም እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ፈለግሁና የጃፓን ሰንደል አዘዝኩ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲያደርግ ሌላ ነገር ማድረግ የቆየ አመሌ ነው።

የጃፓኑ ሰንደል መሐሉ ስንጥር የለውም። እንደ ደረቅ ፓስታ ቀጭን ነው፤ ጭሱም ጥቂት ነው። ሳጥኑ ውስጥ አምስት ዓይነት ነበር፣ እያንዳንዱ በየቀለሙ። የመጀመሪያውን፣ ጥቁሩን፣ በጋራ በረንዳችን ላይ እንደለኮስኩ የጎረቤቴ በር ተከፈተ።

ጎረቤቴ በሰማንያዎቹ በስደት መጥተው፣ ሠላሳ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያከፋፍሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።

«ጠበቃ ቤትህ መጥቷል እንዴ?» አሉኝ።

«ሰንደል ነው፣ ጋሼ።»

«የጠበቃ ቢሮ ይሸታል።»

እንደገና አሸተትኩት። ቆዳ፣ ያረጀ ወረቀት፣ ተደብቆ የተጨሰ ሲጋራ። የጠበቃ ቢሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወንበራችንን በበረንዳው ሁለት ጫፍ አድርገን በየቀኑ አንድ አንድ ሰንደል እንዳኝ ጀመር። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ፍርዱን በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ይጽፋል፣ ከዚያ ይነበባል። እኔ ስለ አረንጓዴው «ዝናብ የገባበት ቤተ መጻሕፍት፣ በስተኋላ ትንሽ ካፉር፣ መጨረሻው ላይ ቀረፋ የሚመስል ጸጸት» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው «የአክስት ሻንጣ» ብለው ጻፉ። ሁልጊዜ የሚረቱት እሳቸው ነበሩ፤ ያን ያህል መጽሐፍ ያነበብኩት ለምን እንደሆነ አንዳንዴ ይገርመኝ ነበር።

በታኅሣሥ ታመሙ። ምግብ በራቸው ላይ እያኖርኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከስተው ሲወጡ ዳኝነቱ ካቆመበት ቀጠለ፤ ግን ፍርዳቸው ሁሉ የድሮው ነበር። ለጥቁሩ የጠበቃ ቢሮ፣ ለአረንጓዴው የአክስት ሻንጣ፤ አንዲት ቃል አትለወጥም። አንድ ቀን ነፋስ ሰንደሉን ገና ከመለኮሱ አጠፋው። እሳቸው ዝቅ ብለው ጻፉና ፖስታውን ዘረጉልኝ።

«ጋሼ፣ ጠፍቷል እኮ።»

ፖስታውን መልሰው አጣጠፉት። «ከታመምኩ ወዲህ ምንም ሽታ የለም» አሉ። «ሳሙናም፣ በርበሬም፣ ምንም። ለልጄ እንዳትነግር።»

ልጃቸው ሌላ ስቴት የምትሠራ ነርስ ናት። መንገር አላስፈለገኝም። በቪዲዮ ሲያወሩ ከኋላቸው ምስር እያረረ ኖሮ ጭሱን በስልኳ አየችው፤ እሳቸው ግን ስለ አየሩ ሙቀት ያወሯት ነበር። «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ቴስት አደርግሃለሁ፤ ካላሸተትክ እኔ ጋ ትገባለህ» አለቻቸው። የጋዝ ምድጃ ያለበት ቤት፣ ሽታ የማያውቅ ሰው፣ ብቻውን። ከነርስ ጋር መከራከር ከባድ ነው፤ በተለይ ልክ ስትሆን።

እሳቸውም በሰንደሎቹ እንድትፈትናቸው አሳመኗትና ዝግጅት ጀመሩ። አምስቱን ሰንደል በቀለም፣ በውፍረት፣ በአመዱ አጠማዘዝ አጠኑ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣት። ለማሸነፍ ሲሉ የወጣውን ካርታ በልባቸው የሚቆጥሩ ቁማርተኞችን ሠላሳ ዓመት ሲያስይዙ የኖሩ ሰው፣ በሰባ ዓመታቸው የቁማርተኞቹን ዘዴ ራሳቸው ሲሠሩ ማየት ደስ ይል ነበር። እኔ ትክክል ወይም ስህተት እያልኩ አርም ነበር። ይህ ለእሳቸው ደህንነት ይጠቅማል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ወጥ ማሳረር መብት ነው የሚል አንድ ድርሰት ያህል ክርክር በጭንቅላቴ ነበረኝ።

ልጅቷ መጣች። ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው ዓይናቸውን በነጠላ ሸፈነችና አንድ ሰንደል አፍንጫቸው ሥር ያዘች። እሳቸው እጃቸውን ሰደው ተቀበሏት፣ በጣታቸው አንዴ አሻሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ጥቁሩ። የጠበቃ ቢሮ።»

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ገና ላይት አላደረግኩትም።»

«ጥሩ የጃፓን ሰንደል ሳይለኮስም ይሸታል» አልኩ ከበሩ ላይ። እውነት ነው። እውነት ተናግሬ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰንደሉን ወስዳ አሸተተችው። መሽተቱን ከፊቷ አነበብኩ። «ኦኬ» አለችና ወደ ምድጃው ዞረች። ጀርባዋን ነበር የማየው። እሳቸው በነጠላው ሥር ፈገግ ብለው እግራቸውን አነባበሩ።

ጥቂት ቆይቶ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ መጣ። ጋዙን ሳትለኩስ ከፍታው ነበር። እጇ ማዞሪያው ላይ ነው፤ የምታየው ግን እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር።

«እንዴት ነኝ?» አሉ እሳቸው። «አለፍኩ?»

ያን ክርክሬን ፈለግሁት፤ አንድ መስመር አልመጣልኝም።

«ጋሼ፣ ጋዝ ተከፍቷል» አልኩ።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ዘግታው መስኮቱን ከፈተች። እሳቸው ነጠላውን ራሳቸው ፈቱና «አንተም ከእሷ ጋር ነህ» አሉኝ፤ ሁለት ቀን አላናገሩኝም።

ልጅቷ ግን አልወሰደቻቸውም። ጋዙን አስቆርጣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛች፤ ፍሪጁን ከፍቶ የተበላሸ ምግብ ካለ የሚያሸት ሰው በቀን ሁለቴ እንዲገባ አዘዘች። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ሆቴሉ መልሶ ከጠራኝም በኋላ ከሺፍቴ በፊትና በኋላ እገባለሁ።

ጋሼ ግን ቃሌን ብቻ አይቀበሉም። ፖስታ ያቀርቡልኛል። «ወተቱ ገና ደህና ነው፤ ከታችኛው መደርደሪያ ግን ትንሽ የሚያጠራጥር፣ ጎመን የሚመስል ነገር ይመጣል» ብዬ ጻፍኩላቸው አንድ ጠዋት።

መነጽራቸውን አውርደው አነበቡትና መለሱልኝ።

«ረዝሟል» አሉ። «በሁለት ቃል ጻፈው።»