የቀትር ሩጫ

መጀመሪያ ያየሁት ሽንቷን ነው። ልጄ ሰሚራ መታጠቢያ ቤት ሆና «እማ፣ ነይ እስቲ» አለችኝ። ገብቼ ሳይ የጠቆረ ሻይ ይመስላል። ጭኗን ስነካት ጮኸች።

የፖሊስ ቅጥር ፈተናው፣ ኮንኩሩ፣ ደርሶባት ነበር። ሩጫው፣ ፑሽ አፑ፣ የቁመቱ ልኬት፣ የጤና ምርመራው ሁሉ በአንድ ቀን ነው፤ ለሩጫው ብቻዋን ትለማመድ ነበር። አባቷ የዚህ አገር ሰው ስለነበር የዜግነት ወረቀት አላት። እኔ መጤዋ ያሳደግኳት ሀራሙስ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ የሰው ቤት እያጸዳሁ ነው፤ እሷ ከተቀጠረች ያንን ሥራ ልተው ተማምለናል።

«የወፍ በሽታ ነው» አልኩ። እኛ ዘንድ ሽንት ሲጠቁር ሌላ ስም የለውም። ቅባት ከለከልኳት፤ የአገሬ ሴት የሰጠችኝን ቅጠል ጨምቄ አጠጣኋት። በማግስቱ ሽንቷ ቆመ። ፊቷ አበጠ። አስታወካት። ተነሺ ብላት እግሯ አልታዘዝ አላት።

ሆስፒታል ደም ወሰዱ። ሐኪሟ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ውጤቱን አይታ ሰሚራን ስለ ልምምዷ ጠየቀቻት።

«የምትሮጪው መቼ ነው?» አለቻት በፈረንሳይኛ።

«ቀትር ላይ።»

«በዚህ ሙቀት? ለምን?»

ሰሚራ ወደ እኔ ሳታይ መለሰች። «የቀኑ ጫት ሲመጣ ወንዶቹ ሁሉ ሊቅሙ ቤት ይገባሉ። መንገዱ ባዶ ይሆናል። ማንም አያየኝም።»

እውነቷን ነው። በዚያ ሰዓት ግርግር የማያጣው ካርቲየ 5 ሰፈር እንኳ ጭር ይላል። አስፋልቱ ግን ይፋጃል። ልጄ ተሸፋፍና፣ ከሰው ዓይን ሸሽታ፣ ፀሐይ አፍ ውስጥ ስትገባ ኖራለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ በምን ልወቅ!

«ራብዶሚዮሊዝ ይባላል» አለች ሐኪሟ። «ጡንቻዋ ፈርሶ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ኩላሊቷ ቆሟል። ዲያሊሲስ ዛሬውኑ እንጀምራለን።»

«ትድናለች?»

«አሁን ልነግርዎ አልችልም።»

አንገቷ ላይ ቱቦ አስገቡ። ደሟ በማሽን ዞረ። ፖታሲየሟ ከፍ ብሏል አሉኝ። ልብ ያቆማል አሉኝ። እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ።

ኮንኩሩ እሷ አልጋ ላይ እያለች አለፈ። ያን ዕለት ነርሷ የሽንቱ ከረጢት ውስጥ ጥቂት ቢጫ ውሃ አሳየችኝ። ልጄ ለፈተናዋ ስታለቅስ እኔ ለሽንቷ እልል አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ኩላሊቷ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ እያቅማማ ሥራውን ጀመረ፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ክሬያቲኒኗ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ቱቦው ወጣ፣ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት ሄደች፤ ወራት ካለፉ በኋላም ሐኪሟ ደሟን ደግማ መርምራ በዝግታ እንድትሮጥ ፈቀደችላት።

ሐኪሟንና ነርሶቹን ፈጣሪ ውለታቸውን ይክፈልልኝ። እናንተም ከስፖርት በኋላ ሽንት ከጠቆረ፣ ጡንቻ ካበጠ፣ እቤት ሆናችሁ ስም አታውጡለት። ያኔውኑ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ቅጠሉ ይቅር። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከማን ዓይን እንደምትሸሽ ጠይቋት።

ሰሚራ ዘንድሮም ተመዝግባለች። ማለዳ፣ አየሩ ሳይግል ትሮጣለች፤ እኔም ሥራ ከመግባቴ በፊት መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቃታለሁ። ወንዶቹ ከየደጃቸው ያዩዋታል። ይዩዋት።