ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ

ዐብዱልባሲጥ ጌም ሠሪ ነው። እናቱ ይህን አፋቸውን ሞልተው ለመናገር ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠየቁ "ኮምፒውተር ላይ ነው" ብለው ወሬ ይቀይሩ ነበር። ጢም ያወጣ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጨዋታ ሲሠራ ይውላል ማለት ለጎረቤት የሚነገር ነገር አይደለማ! እሱ ግን ሥራውን አክብሮ ይዞታል። ጠዋት ኤረር በር አጠገብ ካለው ቤቱ ይወጣና ፈረስ መጋላ ላይ በተከራያት ጠባብ ክፍል ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል። የሚሠራቸው ጌሞች ትንንሽ ናቸው፤ ስልክ ላይ የማይጫኑ፣ ሊንኩን ሲነኩት ብራውዘር ላይ የሚከፈቱ። ኳስ ማንከባለል፣ ቀለም ማዛመድ፣ የጠፋ ዕቃ መፈለግ። ለውጭ አገር ድረ ገጾች ስለሚሠራ ተጫዋቹ ሁሉ ማን እንደሠራው አያውቅም።

እሱ ግን እንዲታወቅለት ይፈልግ ነበር። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ በኋላ ነው የመጣው።

አንድ ቀን የገዛ ከተማውን የሐረርን ጌም ሊሠራ ተነሣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ ከጠባቧ መንገድ ወደ አንድ የጁገል ቤት ይገባል፣ ከመደብ መደብ እየወጣ፣ ከሰሃኑና ከሰፌዱ ጀርባ እያየ የጠፋ ቁልፍ ይፈልጋል። የእሱ ቤት በብሎኬት ከታደሰ ቆይቷል። ስለዚህ አጥር ወደሚጋሯቸው ወደ ወይዘሮ ሐሚዳ ሄደ። ወይዘሮ ሐሚዳ በልጅነቱ ከልጃቸው እኩል ያበሉት፣ ሲያጠፋም እኩል የቆነጠጡት ጎረቤት ናቸው። ቤታቸው ደግሞ በሰፈሩ እንደ ጥንቱ ከቀሩት አንዱ ነው፤ መደቦቹ በቀይ አፈር የተለቀለቁ፣ ግድግዳው በሰፌድ የተሞላ።

"እማ፣ ቤትዎን ፎቶ ላንሣው?" አላቸው።

"አንሣ፤ ማን ከልክሎህ ያውቃል? ግን መጀመሪያ ልወልውለው።"

ልጃቸው ጀናት አዲሱ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ትሠራለች። የዕረፍት ቀኗን ሰጥታ ጨለማው ጥግ ላይ በስልኳ ስታበራለት ዋለች።

ከበሩ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አግዳሚ እንጨት ላይ የተጠቀለሉ ምንጣፎች ነበሩ። በሐረር የድሮ ቤት ይህ ተራ የዕቃ ማስቀመጫ አይደለም። እዚያ ምንጣፍ ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ ስትታጭ ይወርዳል። ዛሬ ብዙ ቤት ይህን ትቶታል፣ ወጣቱም ረስቶታል። እናቶች ግን ሰው ቤት ሲገቡ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ወደ በሩ ዘወር ብለው ቀና ማለታቸውን አልተዉም። "ልጃችሁ ታጨች ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ምንጣፉ ይነግራቸዋል።

ዐብዱልባሲጥ ይህን ያውቃል። እዚያው ያደገ ልጅ እንዴት አያውቅም? ግን ጌሙን ጨርሶ በርካሽ ስልክ ሲሞክረው ተንቀራፈፈበት። ምክንያቱን ሲፈልግ የምንጣፎቹ ሥዕል ሆኖ ተገኘ፤ ከላይ እስከ ታች በአበባና በሐረግ የተሞላ ስለሆነ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይከብዳል። አቅልሎ ሊሥለው ቢሞክር ላስቲክ መሰለበት። ቢቸግረው ጭራሽ አወጣው። "ማን ያየዋል?" አለ። ጌሙ ወዲያው ፈጠነ። ከደስታው ብዛት መክፈቻው ላይ "እውነተኛ የሐረር ቤት፤ ሳይጨመር ሳይቀነስ" ብሎ ጻፈበት።

ጉድ የሠራችው ያቺ ጽሑፍ ናት።

ጌሙ ተሰራጨ። በየካፌው፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በየቤቱ ሰው ስልኩን ደፍቶ ቁልፍ ይፈልግ ጀመር። ሰፈሩ ቤቱን ለመለየት አልተቸገረም፤ ሰፌዱን አይተው ማን እንደሰፋው የሚናገሩ ሴቶች አሉ። ቀጥሎ ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። ምንጣፉ የለም። ሳይጨመር ሳይቀነስ የተባለ ቤት ላይ ምንጣፍ ከሌለ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጀናት ታጭታለች። ገበያ ላይ ወይዘሮ ሐሚዳን ያገኘ ሁሉ "መብሩክ!" እያለ ደስታውን ይገልጽላቸው ጀመር። እሳቸውም ስለ ጌሙ መስሏቸው "አልሐምዱሊላህ" እያሉ አለፉ።

ወሬው ከደረሳቸው አንዷ የቡና ነጋዴው የዩሱፍ እናት ወይዘሮ ናፊያ ናቸው። ዩሱፍ ልቡ ወደ ጀናት ከሄደ ቆይቷል። ለእናቱ የራስ ምታት ኪኒን እያለ ፋርማሲዋ ይመላለሳል፤ እናትየው ያን ሁሉ ኪኒን ቢውጡት ኖሮ ዛሬ በሕይወት አይኖሩም ነበር። አፍ አውጥቶ ግን አላናገራትም፤ እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ነው የሚያምረው። ወይዘሮ ናፊያ ነገሩን ለወይዘሮ ሐሚዳ በዘወርዋራ ነካ አድርገው፣ ፊታቸው ሲበራ አይተው ነበር። ሽማግሌ ሊልኩ ሲሰናዱ የእኅታቸው ልጅ ጌሙን አሳየቻቸው።

"እንዲህ ናቸው ለካ! ፊት እያሳዩን ለሌላ ሰጡ" አሉ። ሄዶ መጠየቅማ አይታሰብም።

ዩሱፍ ግን ተስፋ መቁረጥ አቃተውና ለጌሙ ሠሪ ጻፈለት። "ዐብዱልባሲጥ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጌምህ ላይ ያለው የእነ ጀናት ቤት ነው አይደል? በሩ ላይ ምንጣፍ አላየሁም። እውነት ወርዶ ነው ወይስ አንተ ነህ የተውከው? እባክህ ቶሎ መልስልኝ።"

ዐብዱልባሲጥ መልእክቱን አንብቦ ከወንበሩ ተነሣ። የሠራው ሥራ ያን ጊዜ ነው የገባው። መልሱ አጭር ነበር፤ "እኔ ነኝ የተውኩት" ማለት። ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አድርጎ ቆየና መልሶ አነሣው። በዚያው ቀን አንድ ትልቅ የጌም ድረ ገጽ ጽፎለት ነበር፤ "ምንም ያልተነካ እውነተኛ ቤት" መሆኑን ወደነዋልና ፊት ገጻችን ላይ እናወጣዋለን ብለውታል። አሁን ምንጣፍ ቆርጬ ጥያለሁ ቢል ውሸታም ሊባል ነው። "ይውጣና እመልስለታለሁ" ብሎ ስልኩን አጠፋው።

ቀኑ ሲገፋ መዘግየቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነ። አሁን ቢመልስ "እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" ሊባል ነው። ዝም ያለ ሰው ዝምታው በረዘመ ቁጥር አፉ ይበልጥ ይታሰራል። እኔ እንዲህ የሆኑ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ክፉዎች አይደሉም፤ ፈሪዎች ናቸው። ለተጎዳው ሰው ግን ልዩነት የለውም።

ከዚያ የባሰውን አደረገ። ጌሙ ፊት ገጽ ላይ ወጥቶ ከወረደ በኋላ፣ ለማንም ሳይናገር ምንጣፎቹን መልሶ ሰቀላቸው። ጥፋቱን ያረመ መስሎት ያን ቀን ደህና ምሳ በላ። ኮድ ላይ ስሕተት ሲታረም እንዳልነበረ ይሆናል፤ የሰፈር ሰው ግን ያየውን አይረሳም። ሴቶቹ ጌሙን ከፍተው ቀና ሲሉ ምንጣፉ ተመልሷል።

"ያ ረቢ! ፈረሰ ማለት ነው" ተባለ።

"መብሩክ" ሲሉ የነበሩት አሁን የወይዘሮ ሐሚዳን እጅ ይዘው "አላህ የተሻለውን ይተካላት" ይሉ ጀመር። ወይዘሮ ሐሚዳ ግራ ገባቸው። ጀናትም ፋርማሲ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለምን እንደ ሐዘንተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያናግራት አልገባትም። ወይዘሮ ናፊያ መጀመሪያ ተቀይመው ነበር፤ አሁን ደግሞ ፈሩ። በዚህ ፍጥነት የተመለሰች ልጅ አንድ ነገር ቢገኝባት ነው አሉና ለዩሱፍ ሌላ ልጅ ጠየቁለት። ቃልም ተሰጠ።

ዐብዱልባሲጥ ይህን የሰማው ከእናቱ አፍ ነው፣ ምሳ እየበላ። "ምስኪን ጀናት! ምን አግኝተውባት ይሆን?" አሉ እናቱ። ምሳውን ትቶ ተነሣ። እጁን ታጥቦ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ቤት ሄደ።

ወይዘሮ ሐሚዳ ሰፌድ እየሰፉ ነበር። ጫማውን አውልቆ ገባና ዘወትር ከሚቀመጥበት ከፍ ካለው መደብ ሳይሆን በሩ ሥር ካለው ዝቅተኛ ቦታ ተቀመጠ።

"ምነው እዚያ? ውጣ እንጂ።"

"እማ፣ አጥፍቻለሁ። ይህ ሁሉ ወሬ የመጣው ከእኔ ነው። ጌሙ ሲከብድብኝ ምንጣፍዎን አወጣሁት። በኋላ ደግሞ መለስኩት። ሰው አይቶ ነው ታጨች፣ ፈረሰ የሚለው።"

ወይዘሮ ሐሚዳ መስፋታቸውን አቆሙ። "ናፊያ ሰላምታ የነሣችኝ ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

"አንተ ልጅ! እኔ እኮ ሰው ልጄ ላይ ምን አይቶ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ነበር።" አለቀሱ። እሱም ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ተነሡ። "በል ና። ለእኔ ብቻ ብትናገር አይበቃም።"

የወሰዱት ወደ አፎቻ ነው፣ በሠርግና በለቅሶ ወደሚረዳዱበት የሴቶች ማኅበር። የሰፈሩ ወሬ የሚወለደውም የሚቀበረውም እዚያ ነው። ዐብዱልባሲጥ በዚያ ሁሉ እናት ፊት ቆሞ ስለ ምንጣፉ ተናገረ። ሲጨርስ በዕድሜ ትልቋ ወይዘሮ ሐዋ "ስልኩ እንዲቀለው ብሎ ልጅቷን ዳራት!" ቢሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። "ልጃችን ነው፣ ተሳስቷል" አሉ። ዱዓ አደረጉለት።

ወይዘሮ ናፊያ ብቻ አልሳቁም። "ይቅር ብያለሁ" አሉት። "ግን እኔ ቃል ሰጥቻለሁ። የሰው ልጅ ደጅ ሄዶ የተሰጠ ቃል እንደ ጌምህ አይመለስም።"

ስለ ዩሱፍ መልእክት ማንም አልጠየቀውም። እሱም አላነሣም።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ጀናትን ከሥራ ስትመጣ ጠባቧ መንገድ ላይ አገኛት። ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

"እናቴ ደውላ ነገረችኝ" አለችው።

"ጀናት፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ። ሆን ብለህ አላደረግከውም።" ሻሿን አስተካከለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "ዛሬ ዩሱፍ እናቱ ነግረውት መጥቶ ነበር። የመጀመሪያ ቀኑ ነው ኪኒን ሳይገዛ ሲቆም። ደህና ሰው ነበር፣ ዐብዱልባሲጥ። እኔም... ይሁን፣ አላህ ያላለው ነው። ግን አንድ ነገር ነገረኝ። 'ለዐብዱልባሲጥ ያኔውኑ ጽፌ ጠይቄው ነበር፤ ዝም አለኝ' አለኝ።"

ዐብዱልባሲጥ ወደ እሷ ዞረ። አሁን ሊናገር ነው፤ አፉንም ከፍቶ ነበር።

"ተቆጣሁት" አለች ጀናት። "ኔትወርኩ አላደረሰው ይሆናል እንጂ ዐብዱልባሲጥ አይቶት ዝም አይልም፣ አብረን ነው ያደግነው፣ እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። አልደረሰህም አይደል?"

ቀጥ ብላ እያየችው ትጠብቃለች።

"አልደረሰኝም" አላት።

"አላልኩም ወይ!" አለች። "በል ግባ፣ እናትህ እንዳይጨነቁ።" በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።