መጥረጊያ ያልደረሰበት ጥግ

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ዓይኔን ጨፍኜ ኖሬአለሁ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ብቸና፣ በእኛ ሰፈር፣ ልጁ ሁሉ ዓይኑን ሲታመም እኔ ላይ ጠናብኝና ሽፋሽፍቴ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ጤና ጣቢያው ቅባት ሰጠን። ቅባቱ ሥራውን እስኪሠራ መጠበቅ ያላስቻላቸው የአባቴ እህት ግን፣ ከሞጣ አጠገብ ካለው የገጠር ደብራቸው መጥተው፣ በነጠላ ቁራጭ ዓይኔን አስረው ጠበል ሊያስጠምቁኝ ወሰዱኝ።

ጠበሉ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ነው። አክስቴ በጠዋት ካስጠመቁኝ በኋላ ዛፍ ሥር ያስቀምጡኝና ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። እጄን ዘርግቼ እየተደናበርሁ ከዛፍ ዛፍ እዞር ነበር። ጥዱ ቅርፊቱ ረጃጅም ሆኖ ይላጣል፤ ቅጠሉን ሲያሹት ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል። ወይራው ጎርባጣ ነው፤ ሁልጊዜ ይቀዘቅዘኝ ነበር። ዝግባው እየተፈረፈረ መዳፌ ላይ ይቀራል። ከላይ ጉሬዛዎች ሲያጓሩ መጀመሪያ ፈርቼ አልቅሻለሁ፤ በኋላ ግን ዘግይተው ሲጀምሩ ምን ነካቸው እል ጀመር። ዛፎቹ ሁሉ ወፋፍራም ነበሩ። አንዱንም አቅፌ እጆቼን ማገናኘት አልቻልሁም። ትንሽ ስለሆንሁ ነው ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ክረምት ያልተለየኝ ሌላ ድምፅ የመጥረጊያ ድምፅ ነው። አክስቴ ለደብሩ ታቦት ተስለው ነበር፤ የልጄን ዓይን ብትምርልኝ እስክሞት ቅጽርህን እጠርጋለሁ ብለው። መስከረም ሳይጠባ ዓይኔ ተከፈተ። በቅባቱ ነው ወይስ በጠበሉ የሚለውን ክርክር ከእሳቸው ጋር ሊገጥም የሚደፍር ቤተሰባችን ውስጥ አልተገኘም። እኔ ኋላ ተምሬ ስደፍር፣ ቅባቱንስ ማን የላከው መሰለሽ ብለው አፌን አስያዙኝ።

ስለታቸውን ጠበቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የክትክታ መጥረጊያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ንግሥ ሲቀርብ የሰበካው ሴቶች ሁሉ ይከተሏቸዋል። በእግዚአብሔር ቤት ቅጠል ወድቆ ማደሩ ነውር ነው። ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት በእበት የተለቀለቀ አውድማ ይመስል ነበር። የተጠረገው ሁሉ፣ ቅጠሉም ፍሬውም፣ ከካቡ ውጭ ይደፋና ከብት ይረግጠዋል። እንግዳ ሲመጣ ንጽሕናውን አይቶ ያደንቃል፤ አክስቴም ደስ ይላቸዋል።

በዚያች በዳነች ዓይን ተማርሁ። ባዮሎጂ ያጠናሁት እጄ ላይ ከቀረው ከዚያ ቅርፊት የተነሣ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲውን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ወደ አክስቴ ደብር ተመለስሁና የልጅነት ደኔን ቁጭ ብድግ እያልሁ አየሁት። አያቶች አሉ፤ ልጆች የሉም። ከግዙፎቹ ዝግባዎች ሥር አንድ ችግኝ እንኳ አጣሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። ከአሮጌዎቹ አንዱ በንፋስ ወድቆ ነበር፤ ቦታውን የሚተካ ግን አልተገኘም። ፍሬው ወድቆ፣ ቅጠል ለብሶ፣ እርጥበት ጠግቦ ብዙ ወራት ካልቆየ አይበቅልም። ቅዳሜ ግን በየሳምንቱ ትመጣለች።

ሰው ማባበል አልችልበትም። አክስቴ እንጀራ እያቀረቡልኝ ሳለ፣ ደኑን እየገደለው ያለው መጥረጊያው ነው አልኋቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሳህኑን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ስለቴን አፍርሼ ዓይንሽ ቢመለስብሽስ?»

ለካ ያን ሁሉ ዓመት የሚጠርጉት ቅጠል ብቻ አልነበረም፤ በየቅዳሜው ሕመሙን ከእኔ እያራቁ ኖረዋል። ስለ እርጥበትና ስለ ፍሬ የያዝሁት ትምህርት ሁሉ በዚያች ሰዓት ምንም አልጠቀመኝም። እጃቸውን ያዝሁና አብሬአቸው አለቀስሁ።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄድን። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ነገር አዙሮ መናገር የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ሁለታችንንም ሰሙን፤ ከዚያ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም። ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል በትራቸውን ይዘው ተነሡና ደኑን ዞሩት። የወደቀው ዝግባ የነበረበት ጋ ቆመው ባዶውን ቦታ አዩ። ያን ቀን ነገር አላዞሩም።

«ስለት አይፈርስም፤ በነፍስ አባት ይለወጣል እንጂ» አሏቸው። «ከቤተ መቅደሱ ዙሪያና ከመንገዱ ላይ ጥረጊ። በቀረው ጉልበትሽ የሚበቅለውን ጠብቂ። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።»

አክስቴ ቢሰሙም ልባቸው አልሞላም። የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተልሔሙ በስተጀርባ ያለችውን ተዳፋት ብቻ ተዉ፤ ሌላውን እንደ ልማዳቸው መጥረግ ቀጠሉ። በየሳምንቱም ዓይኔን እንዴት እንደሆንሁ ሰው እየላኩ ይጠይቁ ነበር። ስልክ ከገባ በኋላ ደግሞ ራሳቸው እየደወሉ፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ዓይንሽስ ይሉኛል።

በሁለተኛው ክረምት ማለቂያ ደውለው ቶሎ ነይ አሉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ በማግሥቱ ሄድሁ። አክስቴ እጄን ይዘው ወደ ተዳፋቷ ወሰዱኝና ተንበርክከው ቅጠሉን በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። የዝግባ ችግኞች ነበሩ፣ ሦስት አራት ሆነው፤ ቅጠላቸው ገና ለጋ ነው። የተገለጠው አፈር የዝናብና የእንጉዳይ ሽታ ነበረው። በዚያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽታ ስሸት የመጀመሪያዬ ነው። ዛፎቹን ሁሉ በአፍንጫዬ የማውቅ ሰው፣ ለካ መሬቱን አላውቀውም ነበር።

እኔ እዚያው ሳለሁ የንግሡ ዋዜማ ሲደርስ ሴቶቹ መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ። ስለ ተዳፋቷ ሲታማ ቆይቷል፤ የታቦቱ ጓሮ ዳዋ ለበሰ፣ እሷም አርጅታ ሰነፈች እየተባለ። አንዷ ልትረዳቸው ብላ ወደዚያ አቀናች። ስንፍና መባል ከሁሉ በላይ የሚያማቸው አክስቴ ከፊቷ ቆሙ።

«ይኸ ለልጄ ዓይን የተሳልሁት ነው» አሉ። «እዚህ መጥረጊያ አይገባም።»

ሴቲቱ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ መሬቱን አየች። መጥረጊያዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ መንገዱ ተመለሰች። በሚቀጥለው ዓመት ድንጋይ ተሸክማ መጥታ ተዳፋቷን ሲክቡ ያገዘቻቸው እሷው ናት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ሄድሁ። መጥረጊያው የተወው መሬት ሰፍቶ እስከ ጠበሉ ደርሷል። አክስቴ ጉልበታቸው ደክሞ ካቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክትክታው ግን ከአጠገባቸው አልራቀም። እኔ የልጅነቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁና እጄን ዘርግቼ ገባሁ። እየተደናበርሁ ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ምነው ልጄ? ዓይንሽን ምን ሆንሽ?»

«ደኅና ነኝ እሜቴ» አልኋቸው፣ ዓይኔን ሳልገልጥ። በእጄ አንድ ቀጭን ግንድ ይዤ ነበር። ጣቶቼ ዙሪያውን ዞረው በወዲያ በኩል ተገናኝተዋል።

ተነሥተው ሲመጡ የረገጡት ቅጠል ይንኮሻኮሽ ነበር። አጠገቤ ሲደርሱ እጃቸውን ፈልጌ ግንዱ ላይ አኖርሁት። ትንሽ ዳሰሱትና፣ «እስቲ እኔም ልጨፍን» አሉ።