የጋሼ ተፈራ ብሉዝ፣ ከኤሪን ውድስ እስከ ሳድል ሪጅ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡30፣ ኤሪን ውድስ

ጎህ ሳይቀድ የመኪናዬን መስታወት ከበረዶ ፍቄ ወጣሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አንድ ነው። ፒገን ትሬል በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ጨው የሚበትን መኪና ከፊቴ ስለነበር በዝግታ ነዳሁ። ጋሼ ተፈራ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ዛሬ ሳድል ሪጅ፣ ልጃቸው ሜሮን ጋ ጠቅልለው ይገባሉ፤ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እሷ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሆነች ሸክላቸውን ራሳቸው ፈልገው ማጫወት አለባቸው። የቀራቸው ደስታ እሱ ነው።

መቶ አርባ የብሉዝ ሸክላ አላቸው። ባለፈው ሳምንት እኔ፣ ክራር እመታለሁ ባዩ፣ "በየአገሩ ልለይልዎት" ብዬ ከመደርደሪያው አውርጄ ሦስት ሳጥን አደረግኋቸው፦ የሚሲሲፒው ዴልታ፣ ቴክሳስ፣ ቺካጎ። በጣት ዳብሰው እንዲያውቋቸው ሳጥኖቹ ላይ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ቀዳዳ በሳሁ። የለየሁት እያንዳንዱን አንድ አንድ ደቂቃ ሰምቼ ነው። ባቲን ከአምባሰል የሚለይ ጆሮ እዚህ ምን ያቅተዋል ብዬ!

2፡30፣ ኮራል ስፕሪንግስ

ከዚያ ወዲህ የተበላሸባቸውን የሸክላ ማጫወቻ ልንወስድ ጠጋኙ ዳዊት ቤት ገባን፤ በአማርኛ ጸሎት ቤት ጊታር ይመታል። ፍርፍር አቀረበልንና ማጫወቻውን ሊሞክር ይዘን የገባነውን ባለ አንድ ቀዳዳ ሳጥን ከፈተ።

"ይሄን ማነው ዴልታ ያደረገው?"

"እኔ። ቅኝቱን ስማዋ።"

"ስኬሉማ ሁሉም ጋ ሴም ነው ወንድሜ! ሰውዬው ሚሲሲፒ ተወለደ፣ ቴክሳስ ጊታር ተማረ፣ ይሄን ደግሞ ቺካጎ ሪከርድ አደረገ። የቱ ሳጥን ልትከተው ነው?"

ሽፋኑ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ማንበብ ትዝም አላለኝ።

ዳዊት ጊታሩን አንስቶ አንዱን ዜማ በሦስቱም አገር ዓይነት መታልን፤ መጀመሪያ በጠርሙስ አንገት ክሩን እያንሸራተተ፣ ከዚያ ኖታዎቹን አንድ በአንድ እያስረዘመ፣ በመጨረሻ ከበሮ የሚከተለው ይመስል እያጣደፈ። ልዩነቱ ይሰማል።

"ግን አንዱ ሰውዬ ሦስቱንም ይጫወታል" አለ። "ሙዚቀኞቹ ሥራ ፍለጋ ባቡር ሲሳፈሩ አጨዋወታቸውን ቤት ትተው አልሄዱም።"

"ታዲያ ስሙን ለምን አወጡለት?" አሉ ጋሼ።

"ውሸት አይደለም ጋሼ። ጥርት ያለውን ማንም ያውቀዋል፤ የተቀላቀለው ነው የሚያስቸግረው። ለመሸጥም ስም ይመቻል።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ባቲን የሚጫወት ሁሉ ባቲ ተወለደ እንዴ አንተ?"

ሁለቱም ሳቁብኝ። ጆሮዬ ጋለ።

5፡00፣ ሳድል ሪጅ

"ዌልካም ዳዲ! ሺፍቴ ስድስት ሰዓት ነው፣ ቶሎ ሰት አፕ እናድርገው" አለች ሜሮን። አራተኛ ሳጥን ለመንኳትና የሽፋኖቹን ጀርባ እያነበብን፣ ቁርጡ ያልታወቀውን ሁሉ እዚያ ከተትን። ስንጨርስ አራተኛው ከሦስቱ ድምር በለጠ።

ጋሼ ዳበሱት። "ይሄ ሁሉ አገር የለውም?"

"አገሩ በዛ እንጂ።"

"ግድ የለም። በቃ፣ ቤቴ በነበሩበት ተርታ መልስልኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እጄ ያውቀዋል። ተርታውን ጽፈህ ይዘሃል አይደል?"

አልያዝኩም። እንኳን ልጽፈው፣ ተርታ እንዳለውም አላስተዋልኩም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው። የእኚህ ሰው ዓይን ዳግም በእኔ እጅ የጠፋ ያህል ተሰማኝና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሜሮን መሬት መሬት አየች።

"ማጫወቻውን ሰካው" አሉ ጋሼ።

ያገኘሁትን ሸክላ አስቀምጬ መርፌውን አወረድኩ። ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት እጃቸውን አነሡ።

"ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከግራ አምስተኛ። ጻፍ።"

ጻፍኩ።

"ቀጥል።"

ሜሮን ወደ ሥራዋ ወጣች። መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራል። ጃኬቴን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።