ጋሼ ተረፈ ያላዩዋት ግልገል

ልጅ ሳለሁ ጎጃም በረንዳ የምንኖርበት ግቢ ግማሹ መጋዘን፣ ግማሹ የኪራይ ቤት ነበር። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲገባና ሲወጣ፣ ኩንታል ሲወርድና ሲጫን የሚውለው ያ ግቢ፣ አመሻሽ ላይ የመጋዘኑ በር ሲቆለፍ ድንገት ጭር ይላል። ያኔ የመጋዘኑ ጥበቃ ጋሼ ተረፈ ደጃፉ ላይ የከሰል ምድጃቸውን ያቀጣጥሉና ፋኖሳቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ በቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ይደረድራሉ። እኛ የግቢው ልጆች ማንም ሳይጠራን ባዶ ጆንያ እያነጠፍን እንከባቸዋለን። ጭሱ ሁልጊዜ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ዓይኔን እያሸሁም ቢሆን አልነሳም፤ የእኔ ቦታ ከጉልበታቸው ሥር፣ ከመነጽራቸው አጠገብ ነበርና።

ጋሼ ተረፈ ወደ መርካቶ ከመምጣታቸው በፊት ሰሜን ተራሮች ላይ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበሩ። አብሯቸው ተራራ ለተራራ ሲዞር የከረመ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ የተወላቸው፣ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚያዩባት የሩቅ ማያ መነጽር ነበረቻቸው። የለበሰችው ጥቁር ላስቲክ ጠርዙ ተልጦ በፕላስተር ተለጥፏል። በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከሸሚዛቸው ሥር ስለሚይዟት፣ የማያውቃቸው ሰው ክታብ ያሰሩ ይመስለው ነበር።

ሌላ ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ አያ ቀበሮ ይተርታል። ጋሼ ተረፈ ግን «እኔ ያየሁትን ነው የማወራችሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ገደል አፋፍ ላይ ተኝቶ ስለሚያመሰኳ ዋልያ፣ ጭላዳዎች ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ስለሚሞቁበት ሜዳ ያወሩልናል። ከሁሉም ግን አንዷን ወሬ ይደጋግሟት ነበር። ወጣት ጠባቂ ሳሉ፣ በመነጽራቸው ያገኙትን አንድ ሸበቶ ዋልያ ለእንግዳ ሰው በጣታቸው ጠቁመው አሳዩት። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዋልያው ከነበረበት ድንጋይ ላይ ያገኙት የደረቀ ደምና ሰኮና ብቻ ነበር።

«ጥይቱ የሱ ነው፤ የገደለው ግን ጣቴ ነው» ይሉና ዝም ይላሉ። እኛም ዝም እንላለን። በቆሎው ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር በጣታቸው ጠቁመው አያውቁም። አብነት ሰፈር በየት በኩል ነው ብሎ ለሚጠይቃቸው መንገደኛ እንኳ በአገጫቸው ነው የሚያሳዩት። ወዛደሮቹ «ጋሼ፣ እጅዎ ሥራ ከፈታ ለእኛ ያከራዩን» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ፤ እጃቸው ግን ከኪሳቸው አይወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘኑ ሰገነት ላይ ወጥተን የመነጽሯን አጠቃቀም ያስተምሩኝ ነበር። ከሥጋ ቤቶቹ በላይ የሚያንዣብቡትን ጭላቶች እያየን ነው የተማርኩት። «መጀመሪያ በባዶ ዓይንሽ ፈልጊ። ስታገኚው ዓይንሽን ሳትነቅይ መነጽሯን ወደ ዓይንሽ አምጪያት። ክንድሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፊ። ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ። ወደ ፀሐይ እንዳታዞሪያት!» ያኔ ቀለበቷን ቀስ አድርጌ ስጠመዝዝ፣ ያ ብዥታ ድንገት ይጠራና የጭላቱ ቢጫ መንቁር ፊቴ ላይ ይደቀናል። መርካቶ ውስጥ ከጣራና ከሰው ትከሻ ሌላ አይታ ለማታውቅ ልጅ፣ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያስፈነድቅ መናገር አልችልም።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርት ቤታችን እንጦጦ በእግር ሊያወጣን ሆነ። ጠዋት ስወጣ ጋሼ ተረፈ ክሩን ከአንገታቸው አውጥተው በእኔ አንገት አጠለቁት። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር።

«እስከ ዛሬ እኔ አውርቼልሻለሁ። ዛሬ ደግሞ አንቺ አይተሽ ነይና ለእኔ ታወሪልኛለሽ» አሉኝ። «በጣት አይጠቆምም የምልሽን አልረሳሽም አይደል?»

«አልረሳሁም፣ ጋሼ።»

እውነቴን ነበር፤ አልረሳሁም። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ከባሕር ዛፉ አልፈን ጥዱና ወይራው የተቀላቀለበት ዳገት ላይ ለምሳ ስንቀመጥ፣ ሳምሶን የሚባለው የክፍላችን ልጅ መነጽሬን አይቶ መሳቅ ጀመረ። «ግማሹ ተሰብሮ ነው? ባዶ ቱቦ እኮ ነው!» አለ። ሌሎቹም አጀቡት። ራቅ አልኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ያለውን ቁጥቋጦ በባዶ ዓይኔ ሳስስ አንድ ጆሮ ሲርገበገብ አየሁ። መነጽሯን አመጣሁ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ቀለበቷን አዞርኩ። እናት ድኩላ ነበረች። ከአጠገቧ፣ ቅጠሉ ውስጥ፣ ነጠብጣብ ያላት ግልገል ተለጥፋ ተኝታለች። ጋሼ ተረፈ ነግረውኝ ነበር፤ አራስ ድኩላ ልጇን አስተኝታ ትሄዳለች፤ ግልገሏም ካልተነቃነቀች አውሬ አያገኛትም። ያላት ጋሻ አለመነቃነቋ ብቻ ነው። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

ከኋላዬ ሳምሶን «አሁን ምን አየሁ ልትይ ነው?» አለ።

ብድግ አልኩና በጣቴ ጠቆምኩ። «ያውልህ! ከነልጇ!» ብዬ ጮኽኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ልጆቹ እየጮሁ ወደ ታች ተወረወሩ። እናቲቱ በአንድ ዝላይ ተሰወረች። ግልገሏ እስከ መጨረሻው ሳትነቃነቅ ቆየችና፣ ሲከቧት ተፈናጥራ ከበታቹ ወደነበረው ድንጋያማ ሸለቆ ወደቀች። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሊነኳት ብቻ ነበር የፈለጉት። በመነጽሯ አየኋት። የፊት እግሯ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ልትነሳ ትሞክራለች፤ ትወድቃለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነበር። መምህራችን ገደሉ አያስወርድም ብለው ሰብስበው መለሱን፤ ሳምሶን መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር።

ማታ ምድጃው ነድዶ፣ ልጆቹ ሁሉ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጋሼ ተረፈ በቆሎ ሰጡኝና «እሺ፣ ምን አየሽ?» አሉ። የፋኖሱ ብርሃን ሞራ የለበሰ ዓይናቸው ላይ ያበራ ነበር።

«ድኩላ ከነግልገሏ አየሁ» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... እናቷን ተከትላ ሄደች።»

«ለማንም አላሳየሽም?»

«አላሳየሁም።»

ጋሼ ተረፈ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ራሴ ላይ አሳረፉት። ከዚያች ማታ ጀምሮ የእኔ ግልገል ከወሬያቸው አንዷ ሆነች። የዋልያውን ወሬ በጨረሱ ቁጥር «ይህቺ ልጅ ግን» ይሉና የእኔን ያስከትላሉ። በየሳምንቱ ያሳድጓታል፤ ነጠብጣቧ ደበዘዘ፣ ጡት ተወች፣ ጉብል ድኩላ ተከተላት ይላሉ። ልጆቹ ወደ እኔ ዞረው በአድናቆት ያዩኛል። እኔ ፍሙ ላይ አፍጥጬ የምሰማው ያንን ድምፅ ነበር። ብዙ ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቻለሁ። ግን የዋልያቸው ወሬ ሲያልቅ ያ ዝምታ እንዳይመለስ ያደረገችው የእኔ ግልገል ናት፤ እሷን እንዴት እነጥቃቸዋለሁ? እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው።

ዓይናቸው ጨርሶ ሲደክም ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ተነሡ። መነጽሯን ለእኔ አወረሱኝ። «በጣቷ ላልጠቆመች ልጅ» አሉ፣ እናቴ ፊት። እናቴ አለቀሰች። እኔ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ደፈረሰ። ዛሬ በየወሩ ተራራ እወጣለሁ፤ መነጽሯ አንገቴ ላይ ናት፤ አብረውኝ ለሚወጡት በአገጬ ነው የማሳየው። ጥሩ ልማድ ነው ብለው ያመሰግኑኛል።

ባለፈው ክረምት ስልኬ ጠራ። የጋሼ ተረፈ ልጅ ነበር። ቁጥሬን ከአባቱ ማስታወሻ ላይ አግኝቶ፣ ማረፋቸውን ሊነግረኝ ነበር የደወለው። እስኪያርፉ ድረስ፣ ማታ ማታ ለልጅ ልጆቻቸው ስለ እንጦጦዋ ድኩላ ሲያወሩ እንደኖሩ ነገረኝ። «ልጆቹ ያወቁሽ በሷ ነው። አንዱ ካላናገርኳት እያለ ነው፤ ልስጠውና አናግሪልኝ» አለኝ።

አሁን ልናገር አልኩ። እሳቸው የሉም፤ የምነጥቀው ሰው የለም።

«እትዬ» አለ ትንሽ ድምፅ። «ድኩላዋ አለች?»

መነጽሯን በግራ እጄ ጨብጬ ነበር። ፕላስተሩ መዳፌን ቆረቆረኝ።

«አለች» አልኩት።

ልጁ ስልኩን ሳይዘጋ ለወንድሞቹ «አለች! አለች አለችኝ!» እያለ ሲሮጥ ሰማሁ። ያ ምድጃ ደባርቅም እንዳለ ያኔ ገባኝ። ከሱ ሥር ተቀምጠው የሚሰሙ ልጆች አሉ፤ ከእንግዲህ ተራኪዋ እኔ ነኝ። ግልገሏን ትቻት ከመጣሁበት ሸለቆ አፋፍ ስደርስ ግን ዛሬም መነጽሯን ወደ ታች አላዞርም።